ለተሾሙና ለሚሾሙ ልጆቼ

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ከብቸና መጥቶ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆኖ መሾሙን ነገረኝ። «ሹመት ያዳብር!» ብዬ መረቅሁት። ቡናው ሁለተኛ ሲደርስ «ከወንበሩ ስትነሣ ወዴት ትመለሳለህ?» ብዬ ብጠይቀው ፊቱ ተለዋወጠ፤ ክፉ የተመኘሁበት መሰለው። ሳላስረዳው ተነሥቶ ሄደ። ለእርሱም ለእናንተም የምጽፈው ያን ያልጨረስሁትን ጨዋታ ነው።

እኔ የውኃ መሐንዲስ ነኝ። ወጣትነቴን በጎጃም ደጋና ቆላ ምንጭ ሳጎለብት፣ ቦኖ ሳስተክል አሳልፌአለሁ። ከዚያ ተሾምሁ፤ ስምንት ዓመት በአንድ መምሪያ ኃላፊነት ተቀመጥሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከግምገማ ስንወጣ መነሣቴ ተነገረኝ። በማግሥቱ ማኅተሙንና የመኪናውን ቁልፍ አስረክቤ በባጃጅ ቤቴ ገባሁ። ጎሕ ሳይቀድ መጮኽ ይጀምር የነበረው ስልኬ ሦስት ቀን ዝም አለ። ባለቤቴ ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ከጓዳ ሆና በራሷ ስልክ ደወለችልኝ። ጠራ። ሁለታችንም ምንም አልተናገርንም።

ይህስ ይለመዳል። ያልለመድሁት ሌላ ነው። ከወራት በኋላ በአንዲት ትንሽ ከተማ የውኃ መስመር ጥናት ላይ እንድሠራ ተጠራሁ። ልጄ የሚሆን መሐንዲስ ኢፓኔት የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ከፍቶ «የዚህ መስመር ግፊት አልበዛም ጋሼ?» አለኝ። በስምንት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለውን ጥናት ስንቱን አጽድቄ ፈርሜአለሁ! መልስ ግን አልነበረኝም። ለካ ስፈርም ስፈርም ሙያዬን ረስቼዋለሁ። ልጁ ወንበሩን አስጠግቶ ከሀ ጀምሮ አስተማረኝ፤ ውለታውን እስከ ዛሬ አልረሳም።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት አጥብቄ እጠላዋለሁ። በልቶ የተሻረውን፣ ገበያ መካከል የሰው ዓይን እየሸሸ የሚሄደውን በቅርብ አይቼዋለሁ። ሳይበላ ወጥቶ መመለሻ ሙያ ያጣውንም አይቻለሁ፤ የእርሱ ይብሳል፣ ምክንያቱም ንጹሕ ሰው ነው።

ከፍተኛ ባለሥልጣን ሲነሣ አንዱ አምባሳደር፣ ሌላው አማካሪ ወይም የቦርድ ሰብሳቢ ይሆናል። አዋጅ ቁጥር 653/2001ም ከኃላፊነት ለተነሡ መሪዎችና ከፍተኛ ሹማምንት መብትና ጥቅም ደንግጎላቸዋል። የክልላችን ርዕሰ መስተዳድር የነበሩት አቶ አያሌው ጎበዜ ከቦታው ሲነሡ በቱርክ አምባሳደር ሆነው ተሹመዋል። ወረዳ ላይ የሚሾመውን ልጅ ግን ኤምባሲ አይጠብቀውም። የጡረታ ዕድሜ 60 ነው፤ በ38 ዓመቱ የተነሣ ሰው የቀረውን 22 ዓመት በምን ይገፋዋል?

የእኛውን የጎጃሙን ሰው የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን ነገር አስቡት። አርበኛ፣ የጣልያን እስረኛ፣ አምባሳደር፣ ሚኒስትር ነበሩ። ያም ሁሉ ሥራ ብዕራቸውን አላስጣላቸውም፤ ታላቁን ልብ ወለዳቸውን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ገና በመንግሥት ሥራ ላይ ሳሉ ነው። ሹመቱ ሲቀር ብዕሩ ነበረ፤ እስከ እርጅናቸው ጻፉ። አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝም በ2010 ዓ.ም. ሥልጣን ሲለቁ ወደማያውቁት ዓለም አልወጡም። ከፖለቲካ በፊት የአርባ ምንጭ ውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መምህርና ዲን ነበሩ፤ ከዚያ በኋላም የአፍሪካን ግብርና የሚያግዘውን የአግራን ቦርድ መርተዋል።

ስለዚህ ሐኪም ሆነህ ከተሾምህ በሳምንት ግማሽ ቀን በሽተኛ እይ፤ ያለ ክፍያም ቢሆን። መምህር ከሆንሽ አንድ ክፍል አትልቀቂ። የሕግ ሰው የሰበር ውሳኔዎችን ይከታተል። ሰብሳቢ ሁሉ ጊዜ የለኝም ይላል፤ እኔም እል ነበር። ከስብሰባዎቼ ግማሹ ያለ እኔ ይካሄድ እንደ ነበር የገባኝ ከወጣሁ በኋላ ነው።

የብቸናው ልጅ የተማረው መስኖ ነው። ልጄ፣ ይህን ካነበብህ፣ ቅዳሜ ከአማኑኤል ወዲያ አንድ ምንጭ ልንለካ እንሄዳለን። ባልዲውንና ሰዓቱን እኔ እይዛለሁ፤ አንተ ቦት ጫማህን አድርገህ ና።