መልስ፦ ከቃኘው ሻለቃ ወደ ወተት ንግድ

ውድ ጠያቂ፣ ከኮሪያ ጦርነት ተሸልመው የተመለሱ የቃኘው (ኢትዮጵያ ለዚያ ጦርነት የላከችው ሻለቃ) ወታደሮች ወደ ንግድ ሲገቡ ኑሯቸው ምን ይመስል እንደነበር ጠይቀዋል። ስለ ሁሉም መናገር ባልችልም፣ ሱሉልታ ያደግሁት ከእነዚህ ተሸላሚዎች በአንዱ በአያቴ ቤት ስለሆነ የእሳቸውን ልንገርዎ።

አያቴ በ1943 ዓ.ም. ከመጀመሪያው ሻለቃ ጋር ከጅቡቲ በመርከብ ደቡብ ኮሪያ ፑሳን ወደብ ደርሰው፣ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተዋግተዋል። ቃኘው በዚያ ጦርነት 121 ሰው ሲሰዋበት አንድም ወታደር አልተማረከበትም፤ አያቴ ከሜዳሊያቸው ይበልጥ የሚኮሩት በዚህ ነበር።

ከሠራዊቱ ሲሰናበቱ በሦስት ላሞች ጀመሩ። ሌሊት ተነሥተው፣ ወተቱን በአህያ ጭነው በእንጦጦ በኩል አዲስ አበባ ያደርሱ ነበር። እንደ እኔ እምነት ደንበኛ ያበዛላቸው ሽልማቱ ሳይሆን፣ በክረምት ጭቃ እንኳ ሰዓት አለማሳለፋቸውና ወተቱን በውኃ አለመቀየጣቸው ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን የግጦሽ መሬታቸው ቢወሰድም፣ ድርቆሽ እየገዙ ላሞቹን አቆዩ። ሜዳሊያዎቹን የሚያስቀምጡት የዱቤ መዝገባቸው ባለበት ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ሁለቱም ዛሬ እናቴ ዘንድ አሉ።