ቤቴ አልከራይ አለኝ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ለምታከራዩ፣ ከደረሱኝ ጥያቄዎች የቻልኩትን ያህል መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ የካ አባዶ 4ኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት አለኝ። 15,000 ብር ብዬ ሦስት ወር ሞላው። ሰው አይቶ «እንደውላለን» ይልና ይጠፋል። ቀለም ላስቀባው?

መልስ፦ ቀለሙ ይቆይ፤ ውሃው እንዴት ነው? 4ኛ ፎቅ ላይ ግፊቱ ብዙ ጊዜ አይደርስም። የእኔም ቤት በዚሁ ምክንያት ጾሙን አድሮ ያውቃል። ሊያዩ የመጡ ባልና ሚስት ሳሎኑን ወደውት ነበር። ሴትየዋ ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧውን ስትከፍት አየር ብቻ ፍስስ አለ። ተያዩ፤ «እንደውላለን» ብለው ወረዱ። ሮቶና ትንሽ ፓምፕ አስገባሁ። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ሆነው የመጡት ተከራዩት። ማስታወቂያው ላይም «ሮቶ ከነፓምፑ አለው» ብለው ይጻፉ፤ «ውብና ማራኪ» የሚለውን ማንም አያነበውም።

ጥያቄ፦ (ከዚያው ከየካ አባዶው ጠያቂ) ዋጋ እንዳልቀንስ፣ በአዲሱ የቤት ኪራይ አዋጅ ሁለት ዓመት በዚያው ዋጋ ታስሬ እቀራለሁ ብዬ ሰጋሁ።

መልስ፦ ስጋትዎ ይገባኛል። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ጭማሪም እንደልብ አይደለም። ግን ያስሉት። በሦስት ወር 45,000 ብር ቀርቶብዎታል። በወር 1,500 ቢቀንሱ በ24 ወር የሚያጡት 36,000 ነው። እኔ ብሆን ነገ እቀንሳለሁ።

ጥያቄ፦ የስድስት ወር ቅድሚያ ስጠይቅ ሁሉም ይሸሻል።

መልስ፦ ከሁለት ወር በላይ መጠየቅ በሕግ ክልክል ነው። ይተዉት።

ጥያቄ፦ እኔ ዱባይ ነኝ፤ ቁልፉ አክስቴ ጋ ነው። ደላላ ሲደውልላቸው አይመቻቸውም።

መልስ፦ እህቴ፣ ቤትሽን ያሰረው ይሄ ነው። ቤት ፈላጊ በአንድ ቀን አምስት ቤት ያያል፤ ቁልፍ ያልመጣለትን አይጠብቅም። ቁልፉን እዚያው ግቢ ለሚኖር የምታምኚው ሰው ስጪ። ለአክስትሽም ከቆንስላው ውክልና ላኪላቸው፤ ውሉ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ ስላለበት ያለ ውክልና መጨረሻው ላይ ይደናቀፋል።

ጥያቄ፦ «ልጅ ለሌላቸው ብቻ» ማለቴ ጎድቶኝ ይሆን?

መልስ፦ አዎ፣ በጣም። ልጁን ሰፈሩ ትምህርት ቤት ያስገባ ሰው በዋዛ አይለቅም። የእኔ ተከራዮች ሁለት ልጆች አሏቸው። ኮሪደሩን በእርሳስ ሞልተውታል፤ ሲለቁ አስቀባዋለሁ።