የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በብላክጃክ ውድድር ሰዓትን መጠቀም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ፒያሳ አካባቢ የምንኖር ስድስት ጓደኛሞች ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ብላክጃክ (ከ21 ሳያልፉ አዳዩን መብለጥ የሚፈለግበት የካርታ ጨዋታ) እንወዳደራለን። ገንዘብ የለበትም። እያንዳንዳችን 1,000 ነጥብ በሚያወጣ ቺፕስ (የመጫወቻ ጠጠር) እንጀምራለን፤ 30 ደቂቃ ሲሞላ ብዙ የያዘው ያሸንፋል። ማስያዝ የሚቻለው ትንሹ 10፣ ትልቁ 500 ነው። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ሰዓቱ ያጣድፈኝና ያለ ሂሳብ አስይዤ እሸነፋለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የሚጣደፉት ሂሳቡን ተራዎ ሲደርስ ስለሚጀምሩት ነው። መጀመሪያ ካርታውን የመጫወት ውሳኔ ጊዜ እንዳይወስድብዎ ያድርጉ። አዳዩ (ካርታ የሚያድለው) ከ4 እስከ 6 ሲያሳይ ከ12 እስከ 16 ይዘው ይቁሙ፣ ማለትም ካርታ አይጨምሩ፤ 7ና ከዚያ በላይ ሲያሳይ ተጨማሪ ካርታ ይሳቡ። ሁለት 8 ወይም ሁለት አስ ሲመጣ ለያይተው በሁለት እጅ ይጫወቱ። 11 ላይ አብዛኛውን ጊዜ ያስያዙትን እጥፍ ያድርጉ። ይህን በቃል የያዘ ሰው ሁለት ሰከንድ ይበቃዋል። የተረፈው ጊዜ ሁሉ ለማስያዙ ይዋል፤ ውድድር የሚሸነፈውም የሚረታውም እዚያ ላይ ነው።

ሂሳቡን የሚሠሩት ካርታው ሲበወዝና ሌሎች ሲጫወቱ ነው። ቺፕስዎን ባለ 100ውን ለብቻ፣ አሥር አሥር አድርገው ይደርድሩ፤ ሌሎቹም እንዲሁ እንዲያደርጉ ይጠይቁ። ያኔ የመሪውን ሀብት በአንድ እይታ ያነባሉ። ሦስት ቁጥር ይያዙ፦ በእናንተ መካከል ያለውን ልዩነት፣ እሱ ካሸነፈ የሚኖረውን፣ ከተሸነፈ የሚቀረውን።

የመጨረሻውን እጅ፣ ማለትም ካርታ የሚታደልበትን የመጨረሻ ዙር እንይ። እርስዎ 900፣ መሪው 1,000 አላችሁ፤ ሌሎቹ ሩቅ ናቸው። እሱ ቀድሞ 200 አስያዘ። ካሸነፈ 1,200፣ ከተሸነፈ 800 ይኖረዋል። እርስዎ 90 ቢያስይዙ ተሸንፈው እንኳ 810 ይቀርዎታል፤ ስለዚህ እሱ ከተሸነፈ ውድድሩ የእርስዎ ነው። በብላክጃክ ተጫዋች ከ100 እጅ በግምት 43ቱን ያሸንፋል፣ በ49ኙ ይሸነፋል፣ የቀረው እኩል ይወጣል። መሸነፉ ከማሸነፉ ይበልጣልና በእሱ መሸነፍ ላይ መቆም ጥሩ ቦታ ነው። 100 ካስያዙ ግን ይበላሻል፤ ሁለታችሁም ስትሸነፉ 800 ለ800 እኩል ትሆናላችሁ። በሌላ በኩል መሪው 50 ብቻ ቢያስይዝ፣ ቢሸነፍም 950 ይቀረዋል፤ በ900 ዝቅ ብሎ መጠበቅ አያዋጣም። ያኔ 160 አስይዘው 1,060 ላይ መድረስ አለብዎት፤ እሱ ቢያሸንፍ የሚደርሰው 1,050 ነውና።

ይህ ሁሉ የተቻለው እርስዎ ከእሱ ኋላ ስላስያዙ ነው። ስለዚህ መጨረሻው እጅ ላይ ማን እንደሚጀምር ቀድመው ይቁጠሩ። ጀማሪነት በየእጁ አንድ ወንበር ይዞራል። አምስት እጅ ሲቀር ቀጣዩን የሚጀምረው ወንበር 2 ከሆነ፣ የመጨረሻውን ወንበር 6 ይጀምራል፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ወንበር 5 ነው። መሪው ከእርስዎ ኋላ የሚያስይዝ መሆኑን ካወቁ ልዩነቱን ከዚያ በፊት፣ እርስዎ ከኋላ በሚሆኑባቸው እጆች ለማጥበብ ይሞክሩ።

ጥያቄ፦ እኛ ካዛንቺስ ነን፤ እንደዚሁ በሰዓት እንጫወታለን። አንዱ ጓደኛችን መምራት ሲጀምር ሆን ብሎ ይዘገያል፤ ቺፕሱን ደጋግሞ ይቆጥራል። ስልት ነው ይላል። ትክክል ነው?

መልስ፦ ይጠቅመዋል፤ ትክክል ግን አይደለም። ስድስት ሰው ባለበት ጠረጴዛ አንድ እጅ 70 ሰከንድ ቢወስድ በ30 ደቂቃ 25 እጅ ያህል ይታደላል። እያንዳንዱ ሰው 5 ሰከንድ ብቻ ቢጨምር አንድ እጅ 100 ሰከንድ ይሆንና 18 እጅ ይቀራል። ወደ ኋላ የቀረው ሰው ሰባት ዕድል ተወሰደበት ማለት ነው። በዚህ የተጎዳ ሰው ቢያማርር እውነት አለው።

መፍትሔው ጓደኛችሁን መገሠጽ ሳይሆን ደንቡን መቀየር ነው። ከሁሉ የተሻለው ዙሩን በእጅ ቁጥር መወሰን ነው፤ 25 እጅ በሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በጀመረው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ውድድርም ዙሩ በእጅ ቁጥር ነበር የሚለካው፤ በ8ኛው፣ በ16ኛውና በ25ኛው እጅ ላይ ትንሽ ቺፕስ ያለው ይወጣ ነበር። በሰዓት መጫወት ከፈለጋችሁ ደግሞ የስልኩ ደወል ሲጮህ የተጀመረውን እጅ ጨርሱና አምስት እጅ ጨምሩ፤ አምስቱን ማንም በመዘግየት ሊሰርቃቸው አይችልም። ለማስያዝ 20 ሰከንድ፣ ለመሳብ ወይም ለመቆም 15 ሰከንድ ስጡ። ጊዜው ካለፈ ማስያዣው ትንሹ 10 ይሆናል፤ እጁም እንዳለ ይቆማል። ሰዓቱን የሚይዘው የማይጫወት ሰው ወይም አዳዩ ይሁን። ቆጠራው የሚጀምረው የፊተኛው ተጫዋች እጁን ከቺፕሱ ሲያነሳ ነው፤ ይህ ካልተወሰነ በየእጁ ክርክር ይነሳል።

ጥያቄ፦ ከአራት ኪሎ። በስልክ ስወዳደር ኔትወርክ ይቆራረጥና ጊዜዬ ያልቃል። መላ አለው?

መልስ፦ ብዙዎቹ መተግበሪያዎች ጊዜ ሲያልፍ እጁን እንዳለ ያቆሙታል፤ 12 ይዘው አዳዩ 10 ሲያሳይ ከቆሙ ጉዳት ነው። ከመግባትዎ በፊት ደንቡን ከፍተው ጊዜ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ያንብቡ። የማስያዣውን መጠን ያለፈው እጅ ሳያልቅ ይወስኑና ማስያዣው እንደተከፈተ ይጫኑ፤ መጨረሻው ሰከንድ ድረስ መጠበቅ የሚያዋጣው የሌሎችን ማስያዣ ማየት በሚቻልበት ጨዋታ ብቻ ነው። ዋይፋይ ሲዳከም ቶሎ ወደ ዳታ እንዲቀይሩ ሁለቱንም ክፍት ያድርጉ። በመጨረሻዎቹ አምስት እጆች ደግሞ ስልኩን ጥሪ እንዳያቋርጠው ድምፅና ጥሪ መከልከያውን ያብሩ።