ለተመረዘ ውሻ ወተት ይሰጣል ወይ?

ወተቱን ተወው። ውሻህ ከአጥር ውጭ የተጣለ ሥጋ በልቶ እየተንቀጠቀጠና አረፋ እየደፈቀ ነው ብለሃል። እንዲህ ሆኖ በአፉ ምንም አትስጠው፤ ዘይትም፣ እንቁላልም። መዋጥ ስለማይችል ወደ ሳንባው ይገባል። ላስታውከው ብለህም አትታገል።

አሁኑኑ የእንስሳት ሐኪም ጋ ደውልና ይዘኸው ሂድ። መኪናው ውስጥ ብርድ ልብስ ጣል አድርግበት፣ ሬዲዮ ዝጋ፣ ዝም ብላችሁ ሂዱ። መርዙ ስትሪክኒን ከሆነ ድምፅ፣ ብርሃንና መነካካት ብቻቸውን መንፈራገጡን ይቀሰቅሱበታል። እጅህን ወደ አፉ አታስጠጋ፤ የራሱ ውሻ የነከሰው ሰው ብዙ ነው።

የተረፈ ሥጋ ካለ እጅህን በፌስታል ሸፍነህ አንሳና ለሐኪሙ ውሰድለት። ለሃጩ ከተዝረበረበና የዓይኑ ብሌን ከጠበበ ንገረው፤ የተባይ ማጥፊያ ሊሆን ይችላል፣ ለሱ አትሮፒን የሚባል ማርከሻ መድኃኒት አለ።

ካየሁት አንድ ነገር ልጨምር። ጎረቤት የአይጥ መርዝ አስቀምጦ ከሆነ፣ ውሻው ዛሬ ደህና ቢመስልህም አትዘናጋ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዓይነት ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ቀን ቆይቶ ነው የሚመጣው። ከንፈሩን ገለጥ እያደረግህ ድዱን እይ። ከነጣ ወይም ከደማ ቫይታሚን ኬ1 ያስፈልገዋል፣ እሱም በሐኪም ነው።