የባኞ ገንዳን በብሎኬት ከብቦ በሴራሚክ ስለ መሸፈን፦ ጥያቄና መልስ

የባኞ ገንዳ ገዝተው ከግድግዳ ጋር ለማስገጠም፣ ፊቱን በብሎኬት ለመገንባትና በሴራሚክ ለመልበስ ያሰቡ ሰዎች ያቀረቧቸውን ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልሻለሁ። አንድ ነገር ደጋግሜ ማንሳቴ ስለማይቀር ከወዲሁ ልናገረው፤ ውኃን የሚያግደው ከሴራሚኩ በስተጀርባ ያለው ሥራ ነው፣ ሴራሚኩ ለዓይንና ለጽዳት ነው።

ጥያቄ፦ ግንበኛው የገንዳው ጠርዝ በብሎኬቱ ላይ እንዲያርፍ አድርጎ ገንብቷል። «እንዲህ ሲሆን ይጠነክራል» ይላል። ልክ ነው?

መልስ፦ ልክ አይደለም፤ ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት ቢያስተካክሉት ይሻላል። ገንዳው ክብደቱን መጣል ያለበት በእግሮቹ ላይ ወይም ከሥሩ በተደላደለለት መደብ ላይ ነው። 170 በ70 ሴንቲ ሜትር የሆነ የተለመደ ገንዳ ከ150 እስከ 200 ሊትር ውኃ ስለሚይዝ፣ ሰው ሲገባበት ጭነቱ ከ200 ኪሎ ግራም ሊያልፍ ይችላል፤ በተለይ አክሪሊክ (ፕላስቲክ መሰል) ከሆነ በሞላ ቁጥር በትንሹም ቢሆን ዝቅ ይላል፣ ሲፈስስ ደግሞ ይመለሳል። ጠርዙ በግንብ ከተያዘ ይህ እንቅስቃሴ መሄጃ ያጣና ወይ ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ ወይ የላይኛው የሴራሚክ ረድፍ ይላቀቃል።

ብሎኬቱ ከጠርዙ ሥር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቁም። ፊቱም ከጠርዙ ውጫዊ መስመር 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይግባ፤ ልስኑ፣ ማጣበቂያውና ሴራሚኩ ሲደመሩ ወደዚያ ስለሚጠጉ፣ ይህን ሳያሰላ የገነባ ሰው መጨረሻ ላይ ሴራሚኩ ከጠርዙ ውጭ ወጥቶ ያገኘዋል፤ ከገንዳው የሚንጠባጠበው ውኃም በቀጥታ በሴራሚኩ አናት ላይ ይቀመጣል። ባለ 10 ሴንቲ ሜትሩ ብሎኬት ከላይ የገንዳውን ሆድ የሚነካ ከሆነ የመጨረሻውን ረድፍ በቀጭን ጡብ መጨረስ ይቻላል።

ጥያቄ፦ መፈተሻ በር የግድ ነው? መልኩን ያበላሻል ብለን ልንዘጋው አስበናል።

መልስ፦ የግድ ነው። ሲፎኑ (ከገንዳው ሥር ያለው ሽታ የሚያግድ ጎባጣ ቧንቧ) እና የትርፍ ውኃ መውጫው የሚገናኙበት ቦታ በላስቲክ ቀለበት የታሰረ ነው፤ ላስቲክ ደግሞ ይደርቃል፣ ይላላል። በር ከሌለ አንድ ቀለበት ለመቀየር ግንብ ይፈርሳል። በገንዳው የፍሳሽ ጫፍ በኩል ቢያንስ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክፍት ቦታ ይተዉ፤ እጅዎ ከነመፍቻው የሚገባ መሆኑን ራስዎ ይሞክሩት። መልኩ ካሳሰበዎት አንድ ሙሉ ሴራሚክ በማግኔት በሚያዝ ክፈፍ ላይ ተለጥፎ በሩን ይሸፍናል፤ ዙሪያው በነጭ ሲሚንቶ ሳይሆን በቀጭን ሲልኮን ይሞላና ባስፈለገ ጊዜ በምላጭ ተቆርጦ ይከፈታል።

ጥያቄ፦ ከመገንባታችን በፊት ቧንቧውን እንዴት እንፈትሽ?

መልስ፦ ገንዳውን እስከ ትርፍ ውኃ መውጫው ይሙሉት፣ በመውጫው በኩልም ጥቂት ይፍሰስ፤ ከሥሩ ደረቅ ወረቀት አንጥፈው ለጥቂት ሰዓታት ይተዉት። ከዚያ መዝጊያውን በአንድ ጊዜ ይንቀሉት፤ ቀስ በቀስ ሲፈስስ የማይታይ ፍንጣቂ፣ ውኃው በሙሉ ኃይሉ ሲወርድ ወረቀቱን ያርሰዋል። የፍሳሽ ቧንቧው ቢያንስ ባለ 40 ሚሊ ሜትር ሆኖ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁልቁለት ይኑረው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከታች ያሉት ጎረቤቴ ጣሪያቸው እንደሚርስ ነግረውኛል። የሴራሚኩን መገጣጠሚያ በነጭ ሲሚንቶ ደግሜ ብሞላው ይቆማል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ለጥቂት ጊዜ ይቀንስ ይሆናል እንጂ አይቆምም። በመጀመሪያ ምንጩን ይለዩ። ሻወሩን ሳይከፍቱ ገንዳውን ብቻ ሞልተው ያፍስሱ፤ ጣሪያው ከራሰ ችግሩ ሲፎኑ ወይም የፍሳሽ ቧንቧው ነው። ካልራሰ በሌላ ቀን ግድግዳውን ብቻ በሻወር ያርጥቡ፤ በዚህ ከራሰ ውኃው የሚገባው በመገጣጠሚያዎቹ፣ አብዛኛውን ጊዜም ገንዳው ከግድግዳው በሚገናኝበት መስመር ነው። ማንም ውኃ ሳይነካ የሚርስ ከሆነ ግን በግድግዳው ውስጥ የተቀበረው የውኃ መስመር ይመርመር። ይህን ሳይለዩ ሴራሚክ ማስፈረስ ገንዘብ መበተን ነው።

ጥፋቱ የግድግዳው ሆኖ ሴራሚኩ የሚነሣ ከሆነ፣ ልስኑ ከደረቀ በኋላ በሲሚንቶ ላይ የተመሠረተ የውኃ መከላከያ ሁለት ጊዜ ይቀባ፤ ሁለተኛው ቅብ የመጀመሪያውን አቋርጦ ይሂድ። በማዕዘኖቹና ግድግዳው ከወለሉ በሚገናኝበት ቦታ የሚለጠጥ ጥብጣብ በቅቡ መካከል ይቀበር፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። ሻወር ባለበት ግድግዳ ቅቡ እስከ 2 ሜትር ከፍታ ይድረስ፤ ከገንዳው ሥር ያለው ወለልም አይረሳ። ብዙ ባለሙያዎች «ማንም አያየውም» ብለው የሚዘሉት ይህንኑ ወለል ነው፤ እኔ ግን ገንዘብ አጥሮ አንድ ቦታ ብቻ ቅቡ ቢባል እሱን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ሴራሚኩ በሲሚንቶና በአሸዋ ይለጠፍ ወይስ በኮላ (በሴራሚክ ማጣበቂያ)?

መልስ፦ እንደ ሴራሚኩ ዓይነት ነው። ተራው የግድግዳ ሴራሚክ ውኃ ስለሚጠጣ፣ ቀድሞ ከተነከረ በሲሚንቶ ውህድ በደንብ ይይዛል። ፖርሴሊን ግን የሚጠጣው ውኃ ከክብደቱ 0.5 በመቶ አይበልጥም፤ ስለዚህ ሲሚንቶው የሚነክስበት ቀዳዳ አያገኝምና ለእሱ የተዘጋጀ ማጣበቂያ ያስፈልገዋል። የውኃ መከላከያ ቅብ በተቀባ ግድግዳ ላይም ማጣበቂያውን ይጠቀሙ።

በየትኛውም ቢሆን በአራት ማዕዘኑና በመሀሉ ጉብ ጉብ አድርጎ መለጠፍን አይፍቀዱ። ማጣበቂያው ጥርስ ባለው ብረት ግድግዳው ላይ ወጥ ሆኖ ይሳብ። ሲደርቅ በመዶሻ እጀታ ቀስ ብለው ያንኳኩ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ውኃ የሚጠራቀምበት ነው።

ጥያቄ፦ በገንዳውና በግድግዳው መካከል ያለው ሲልኮን በየጊዜው ይላቀቃል፣ ይጠቁራልም።

መልስ፦ ገንዳው ባዶ ሳለ የተሞላ ሲልኮን፣ ገንዳው ሞልቶ ዝቅ ሲል ይለጠጥና ይላቀቃል። አሮጌውን ሙሉ በሙሉ ይንቀሉ፣ ቦታውን በአልኮል ጠርገው ያድርቁ፣ ገንዳውን ውኃ ይሙሉና ከዚያ ይሥሩት፤ ውኃውን ቢያንስ ለ24 ሰዓት አያፍስሱ። ለጥቁረቱ ፀረ ሻጋታ ያለውን የባኞ ቤት ሲልኮን ይግዙ። ጠርዙ እብነ በረድ ከሆነ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ድንጋዩን ስለሚበላው ሌላውን ይምረጡ።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። ግድግዳችን የእንጨት ማገርና ጂፕሰም ነው። ይኸው ምክር ይሠራል?

መልስ፦ መርሁ አንድ ነው፣ ዕቃው ይለያል። እዚያ በሦስት ግድግዳ መካከል የሚገባው ገንዳ ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ 152 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ በግድግዳው በኩል ወደ ላይ የሚነሣ ከንፈር አለው፤ ፊቱም ከፋብሪካው ተሸፍኖ ስለሚመጣ ብሎኬት አያስፈልገውም። ሻወር በሚረጭበት ቦታ ጂፕሰሙን አንሥተው የሲሚንቶ ሰሌዳ ያስመቱ፤ ሰሌዳው ከከንፈሩ በላይ ጥቂት ክፍተት ትቶ ይቁም፣ የውኃ መከላከያው ግን ከንፈሩን ተሻግሮ ይውረድ።

ጥያቄ፦ ያለን ባለ 50 ሊትር ቦይለር ነው። ገንዳውን ይሞላል?

መልስ፦ ይህ ከግንባታው በፊት መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ነው። ቦይለሩ ውኃውን እስከ 60 ዲግሪ ቢያሞቀውና የቧንቧው ውኃ 18 ዲግሪ ቢሆን፣ ተቀላቅሎ 40 ዲግሪ የሚሆነው 95 ሊትር ያህል ነው፤ ለልጆች ይበቃል፣ ለአዋቂ ግን ግማሽ ገንዳ ነው። ባለ 80 ሊትሩ በተመሳሳይ ስሌት 150 ሊትር ያህል ይሰጣል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ የታንከሩን መጠን አስልተው ካልሆነ፣ ገንዳው የተጠራቀመ ውኃ ማስቀመጫ ሆኖ ይቀራል፤ በብዙ ቤት ያየሁትም ይህንኑ ነው።

ጥያቄ፦ ለፊቱ ስንት ካሬ ሴራሚክ እንግዛ?

መልስ፦ አንድ ረጅምና አንድ አጭር ጎን የሚታይ ከሆነ፣ 170 እና 70 ሴንቲ ሜትር ተደምሮ በ55 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ሲባዛ 1.32 ካሬ ሜትር ይመጣል። ለመቁረጫ 10 በመቶ ይጨምሩና፣ ከዚያም በላይ ሁለት ሦስት ፍሬ ከአንድ ካርቶን፣ አንድ ዓይነት የምርት ቁጥር ካለው አስቀምጡ፤ የመፈተሻ በሩ ሴራሚክ አንድ ቀን ቢሰበር በቀለም የሚመሳሰል ከገበያ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።