እንግዛ ወይስ እንሥራ? ለዳታ ልጆች፣ ከደብረ ብርሃን

ባለፈው ሰሞን አንዲት ልጅ ልታማክረኝ መጣች። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው። እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ የቢራ ገብስ ከገበሬ ሰብስቦ ለፋብሪካ በሚያቀርብ ድርጅት ውስጥ ዳታው በሷ እጅ ነው። «ጋሼ፣ አለቃዬ ተሠርቶ ያለቀ የቢዝነስ ኢንተለጀንስ አፕሊኬሽን እንግዛ ይላል፣ እኔ ደግሞ የራሳችንን ዳታ ዌርሃውስ ከባዶ እንሥራ እላለሁ፣ ማን ነው ልክ?» አለችኝ።

ዳታ ዌርሃውስ ማለት ከየክፍሉ የሚመጣው ዳታ ለሪፖርት አንድ ላይ የሚከማችበት ቋት ነው፣ የቢዝነስ ኢንተለጀንስ አፕሊኬሽን ደግሞ ዳታውን ወደ ሪፖርት የሚለውጥ ሶፍትዌር ነው። ይሄን ጥያቄ ሃያ ዓመት ሙሉ ስሰማው ኖሬያለሁ። ለሷ ያልኳትን ለእናንተም ልጻፈው።

እኔ መንዝ ነው ያደግኩት። አንድ ባና ከበግ ጸጉር ተፈትሎ፣ ተሸምኖ እስኪያልቅ ስንት እጅና ስንት ቀን እንደሚፈጅ አይቻለሁ። በእጅ የተሠራ ነገር አከብራለሁ። ግን ልጆች፣ ከባዶ መሥራት የሚያጓጓችሁ ስለምትችሉ ብቻ ከሆነ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

መጀመሪያ ተሠርቶ የሚመጣው ነገር ውስጥ ምን እንዳለ እዩ። ብዙ ሰው የሚያየው ዳሽቦርዱን፣ ቁጥሩና ግራፉ የሚታይበትን ገጽ ነው። ዳሽቦርዱ ትንሹ ነገር ነው። ትልቁ ዋጋ ያለው ከታች፣ ከሂሳቡና ከግዥው ሲስተም ዳታ የሚቀዳው ፕሮግራም ላይ ነው። የሶፍትዌር ኩባንያው ኦራክል በ2006 እ.ኤ.አ. ሲበል የተባለውን ሌላ የሶፍትዌር ኩባንያ ጠቅልሎ ሲወስድ አብሮ ያገኘው የትንተና ሶፍትዌር በኋላ ለነዚህ ዝግጁ አፕሊኬሽኖቹ መሠረት ሆኗል። እንዲህ ያለ ዕቃ ስትገዙ የምትከፍሉት በሺህ የሚቆጠሩ የሲስተሙን ቴብሎች (የዳታ ሠንጠረዦች) አንድ በአንድ ያወቋቸው ሰዎች ለደከሙት ድካም ነው። ያንን ብቻችሁን ልትደግሙት ብትነሡ ዓመት ያልቃል።

ታዲያ ጥያቄው እዚህ ጋ ነው። የእናንተ ቤት ዳታ ከየት ነው የሚመጣው? ያ መቅጃ ፕሮግራም የተሠራው ለተወሰኑ የታወቁ ሲስተሞች ነው። የእናንተ ድርጅት እነሱን ሳይቀያይር፣ እንዳሉ የሚጠቀም ከሆነ ግዙ፣ ብዙ አታስቡ። ግዥው በደረሰኝ ጥራዝ፣ መጋዘኑ በኤክሴል፣ ደሞዙ አንድ ልጅ በጻፈው ሶፍትዌር የሚሠራ ከሆነ ግን ከከፈላችሁበት ዕቃ ትልቁ ክፍል የሚሰካበት የለውም። ዳሽቦርዱ ባዶውን ይቀራል፣ እናንተም መቅጃውን ለብቻችሁ ትጽፋላችሁ። ሁለት ጊዜ ከፈላችሁ ማለት ነው። ልጅቷን የጠየቅኳት የመጀመሪያ ጥያቄ ይሄ ነበር፣ መልሷም አብዛኛው ዳታ ኤክሴል ነው የሚል ነበር።

ሁለተኛው ነገር የኛ አገር ነገር ነው። እዚህ ላይ እኔ ተቃጥያለሁ። አንድ ቦታ ስሠራ ዝግጁ አፕሊኬሽን ገዝተን ተከልን። በጀት ዓመታችን ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሶፍትዌሩ ግን ወሩን በጁን 30 ይቆርጣል፣ እሱ ደግሞ በኛ ሰኔ 23 ነው። በመሃል ያሉት ሰባት ቀናት ልክ የበልጉ ገብስ የሚገባበት ጊዜ ሆኑና ሪፖርቱ ከሂሳብ ክፍሉ ጋር አልገጥም አለ። «ቀኑን ትንሽ መግፋት ነው» ያለ ሰው ነበር። አይሆንም። መስከረም 1 አንዳንዴ ሴፕቴምበር 11፣ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ 12 ላይ ይውላል፣ ጳጉሜንም አምስት ወይ ስድስት ቀን ናት። መፍትሔው የእያንዳንዱን ቀን የሁለቱን አቆጣጠር የያዘ የቀን ቴብል ራስ መሥራት ነው። ሁለት ቀን አይፈጅም። እኛ ግን ያንን ከማድረግ ይልቅ ሻጩ የጻፈውን ፕሮግራም ራሱን ገብተን ቀየርነው። የሚቀጥለው ስሪት ሲጫን ሥራችን በሙሉ ጠፋ። ያን ሳምንት አልረሳውም። የሻጩን ሥራ አትንኩ፣ የራሳችሁን ጭማሪ በሌላ ፎልደር፣ በሌላ ስም ሥሩ።

ወረዳም እንዲሁ ነው። ድሮ ማማ ምድርና ላሎ ምድር አንድ ወረዳ ነበሩ፣ በኋላ መንዝ ማማና መንዝ ላሎ ሆነው ተከፈሉ። ጌራ ምድርና ቀያ ገብርኤልም ተለያይተዋል። የድሮውን ስም በአዲሱ ዝም ብላችሁ ከተካችሁት የአምናው ግዥ ዘንድሮ ካለው ጋር አይነጻጸርም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ወረዳ ከመቼ እስከ መቼ በዚህ ስም እንደነበረ የሚይዝ መዝገብ ያስፈልጋል። ስለ ዳታ ዌርሃውስ አሠራር የጻፈው ራልፍ ኪምባል ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲያስተምረው የኖረው ዘዴ ይሄው ነው፣ ዝግጁ አፕሊኬሽኖችም ቦታውን አዘጋጅተውለታል። የመንዝን ታሪክ ግን ማንም አይሞላላችሁም። የገበሬውን ስምስ? ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ናቸው። የአባትና የአያት ስም ሲጨመርበት ደግሞ አስቡት።

ከባዶ መሥራትንም እንዳላሳምረው። ፖስትግሬስ የሚባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር በነጻ ይወርዳል፣ የላይሰንስ ክፍያ አይጠይቅም። ዋጋው ሰው ነው። ሁሉንም የጻፈው አንድ ልጅ አዲስ አበባ የተሻለ ደሞዝ ሲያገኝ ይሄዳል፣ መሄዱም መብቱ ነው፣ ግን ማታ ማታ የሚሮጠው ፕሮግራም ሲቆም የሚያስነሣው የለም። እንዲህ ሆኖ የቀረ ዌርሃውስ በዓይኔ አይቻለሁ። የምትሠሩ ከሆነ ሁለት ሆናችሁ ሥሩ፣ የምትሠሩትንም በአማርኛ ጻፉት። ከአንድ ሥራ ብቻ ጀምሩ፣ ከግዥ ለምሳሌ፣ እሱ በእግሩ ሳይቆም ወደ ሌላው አትሂዱ።

ለልጅቷ ያልኳት እንግዲህ ይሄ ነው። ዳሽቦርዱን ከባዶ አትጻፊ፣ ፓወር ቢአይን የመሰለ የማሳያ መሣሪያ ውሰጂ። ለገበያው ሁሉ የተሰፋውን ትልቁን ፓኬጅ ግን አሁን አትግዙ፣ ምክንያቱም የሚሰካበት የላችሁም። የቀኑን፣ የወረዳውንና የገበሬውን ቴብል የራስሽ አድርጊ፣ ነገ ፓኬጅ ብትገዙም አብረውሽ ይሄዳሉ። ከሁሉም በፊት ደግሞ የሂሳብ ሰውና የመጋዘን ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪና «ገብስ ገዛን የምንለው መቼ ነው? ውል ስንፈርም፣ ሚዛን ላይ ሲወጣ፣ እርጥበቱና ገለባው ሲቀነስ ወይስ ብሩ ሲከፈል?» ብለሽ ጠይቂ።

ሐሙስ ደወለችልኝ። ሁለቱ ሰዎች ሦስት ሰዓት ተከራከሩ። የመጋዘኑ ሰው ኩንታሉን ሚዛን ላይ እንደወጣ ነው የሚመዘግበው፣ የሂሳቡ ደግሞ እርጥበት ከተቀነሰ በኋላ፣ ለዓመታት ሁለቱም «ግዥ» ሲሉት ኖረዋል። አሁን ሁለት ስም ሰጥተውታል።