ሽጉጥ ራስጌ ይቀመጣል ወይ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን እንዲህ ነው የተረዳሁት። ባለፈው ወር ቶሮንቶ አጠገብ፣ አጃክስ ከተማ ቤት ገዝታችሁ ገባችሁ። ሰፈሩን የመኪና ሌባ አስቸግሮታል። አንተ አርፓል፣ ማለትም የሪስትሪክትድ (እንደ ሽጉጥ ያለ፣ ጥብቅ ቁጥጥር ያለበት) መሣሪያ ፈቃድ፣ አለህ። «አንድ ሽጉጥ ገዝቼ ራስጌዬ ባስቀምጥ፣ ሌባ በር ሰብሮ ቢገባ ብጠቀምበት፣ የካናዳ ሕግ ምን ይለኛል?» ነው ያልከው። እኔ እዚሁ ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ ነኝ። ፈቃዱን ያወጣሁት በ2018 ነው። ሽጉጥ አለኝ፣ ሌባም መጥቶብኛል። ጠበቃ ግን አይደለሁም።

መጀመሪያ መርዶውን ልንገርህ። ሽጉጥ መግዛት አትችልም። ከኦክቶበር 21፣ 2022 ጀምሮ ለግለሰብ ሽጉጥ መሸጥም ማስተላለፍም ቆሟል። በ2023 መጨረሻ የጸደቀው ሲ-21 የሚባለው ሕግ ደግሞ አጠናከረው። የኦሎምፒክ ዓይነት ውድድር የሚተኩሱና ሽጉጥ ታጥቀው የመንቀሳቀስ ልዩ ፈቃድ ያላቸው ናቸው የተረፉት። ከዚያ በፊት በስማችን ያስመዘገብነው ይዘን ቀረን። ለልጄ ላወርሰው እንኳ አልችልም።

አሁን አንተም እንደ እኔ ቀድመህ ገዝተህ ቢሆን ኖሮስ ብለን እናስብ።

አባቴ የጎጃም ገበሬ ነበር። ምንሽሩ ራስጌው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው ያደግሁት። ሌሊት ውሻ ሲጮኽ፣ ኩራዝ ሳይለኮስ እጁ ይደርስበታል። እኛ ዘንድ መሣሪያ ማለት ይሄ ነው። እኔም ኮርሱን ስጀምር በልቤ የያዝኩት ይህንኑ ነበር፣ አልዋሽህም። ሁለት ቅዳሜና እሁድ ተማርኩ፣ አንዱ ለተራው የመሣሪያ ፈቃድ (ፓል)፣ ሌላው ለሪስትሪክትዱ። አስተማሪያችን ሽማግሌ ነበር። «ለምን ሽጉጥ ፈለጋችሁ?» ብሎ አንድ በአንድ ጠየቀን። አንዱ ልጅ «ቤቴን ልጠብቅበት» አለ። ሽማግሌው መነጽሩን አውልቆ፣ «እንግዲያው ውሻ ግዛ» አለው። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን መልሴን ቶሎ ቀየርኩ።

ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም። ሪስትሪክትድ መሣሪያ ለአብዛኛው ሰው የሚፈቀደው ለዒላማ ተኩስ ወይም ለስብስብ ነው። «ለሕይወት መከላከያ» የሚል ምክንያት ሕጉ ላይ አለ፣ የለም አልልህም። ግን ሕይወትህ በእርግጥ አደጋ ላይ መሆኑንና የፖሊስ ጥበቃ እንደማይበቃህ ማሳየት አለብህ። ሰፈሬ ሌባ በዛ ብለህ አታገኘውም። ቅጹ ደግሞ የትዳር ጓደኛ ፊርማ ይጠይቃል። ባለቤቴ እስክሪብቶውን ይዛ፣ «ለምንድን ነው?» አለችኝ። ለስፖርት ነው አልኳት። «ስፖርት ካማረህ ለምን አትሮጥም?» ብላ ፈረመችልኝ።

ራስጌ ወዳልከው ልምጣ። አይቻልም። ሽጉጥ ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ጥይቱ ወጥቶ፣ ቃታው ላይ መቆለፊያ ገብቶበት፣ ከዚያ በቀላሉ የማይሰበር ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ነው። ወይም ደግሞ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ካዝና ውስጥ ይሆናል። ጥይቱም በቀላሉ የማይደረስበት ቦታ ይሆናል፣ አለዚያ እሱም ይቆለፍበታል። የጎረሰ ሽጉጥ ኮመዲኖ ላይ አስቀምጠህ ብትገኝ፣ ሌባ መጣም አልመጣም፣ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

እና ያቺ ሌሊት። 2023፣ የካቲት አካባቢ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። የሳሎን በሩ አጠገብ ያለችው ቀጭን መስታወት ስትረግፍ ሰማሁ። መኪናችን፣ ቶዮታ ሃይላንደሯ፣ ደጅ ቆማለች፣ ቁልፏን ፈልገው እንደመጡ ወዲያው ገባኝ። ተነሥቼ ሮጥኩ። ወዴት? ወደ ቤዝመንት! ካዝናው እዚያ ነዋ። መብራት ሳላበራ ቁጥሩን ነካካሁ፣ ጢጥ ጢጥ ብሎ እምቢ አለኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል። በሁለተኛው ከፈትኩት። ቃታው ላይ ያለው መቆለፊያ ግን ሌላ ቁልፍ ነው የሚፈልገው፣ እሱ ደግሞ ላይ መኝታ ቤት፣ የሱሪዬ ኪስ ውስጥ ነው።

እዚያ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ፣ በባዶ እግሬ፣ የተቆለፈ ብረት ይዤ ቆምኩ። ያን ጊዜ ነው የታየኝ። ሁለቱ ልጆቼና እናታቸው ሁለተኛ ፎቅ ናቸው። ሌቦቹ መሐል ላይ ናቸው። እኔ ከሁሉም በታች ነኝ። ልጠብቃቸው ብዬ ጥያቸው ወርጃለሁ።

ባለቤቴ ግን ልጆቹን ወደ እኛ ክፍል ጎትታ በሩን ቆልፋለች። ናይን ዋን ዋን ደውላለች። ከዚያ ከቦርሳዋ የመኪናውን ቁልፍ አውጥታ ቀዩን ምልክት ተጫነችው። መኪናዋ ሰፈሩን በጩኸት ቀወጠችው። የሩጫ ኮቴ ሰማሁ፣ አለቀ። እጃቸው በመስታወቱ ቀዳዳ የበሩን መቆለፊያ ለመድረስ አንድ ስንዝር ነበር የቀረው። ብረቱን መልሼ ቆልፌ ወጣሁ። ፖሊሶቹ ሲመጡ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «መሣሪያህ የት ነው?» ነበር። ፈቃዴን ኮምፒውተራቸው ላይ ቀድመው አይተውታል። ጨለማ ውስጥ ሽጉጥ የያዘ ጥቁር ሰው ሆኜ በር ላይ ቢያገኙኝስ? ይህንን እስካሁን አስበዋለሁ።

«በካናዳ መሣሪያ ለራስ መከላከያ ፈጽሞ አይቻልም» የሚሉህም ተሳስተዋል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 34 ሽጉጥ ወይም ዱላ ብሎ አይለይም። ያደረግከው ነገር በሁኔታው ምክንያታዊ ነበር ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው። አደጋው ምን ያህል ቅርብ ነበር፣ ሌላ አማራጭ ነበረህ ወይ፣ ሰውየው መሣሪያ ይዞ ነበር ወይ፣ አንተስ በነገሩ ውስጥ ድርሻህ ምን ነበር? በ2023 ሚልተን ላይ አንድ የ22 ዓመት ወጣት፣ ቤታቸው ሰብረው ከገቡት አንዱን በመሣሪያው ገደለ። መጀመሪያ በነፍስ ግድያ ተከሰሰ። ክሱ የተነሣለት ከወራት በኋላ ነው።

የፖርት ኮልበርኑን ሰውዬ ደግሞ እይ። በ2010 ጭንብል ያጠለቁ ሰዎች ቤቱ ላይ እሳት ወረወሩ፣ በሽጉጡ ተኩሶ አባረራቸው። የተኩሱ ክስ ተነሣለት። መሣሪያውን እንዴት አስቀምጠህ ነበር የሚለው ክስ ግን እስከ ጃንዋሪ 2013 አንከራተተው። በመጨረሻ ነፃ ወጣ። ነፃ መውጣትም ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አየህ?

ለአንተ ጉዳይ ቅርቡ ግን የሐሚልተኑ የፒተር ኪል ጉዳይ ነው። በ2016 ሌሊት ፒካፑን የሚነካካ ሰው ሰማ። ጠብመንጃውን አጉርሶ ወደ ደጅ ወጣ፣ ተኩሶ ገደለው። ሟቹ ጠብመንጃ አልነበረውም። በ2018 ጁሪው (ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች) ነፃ አለው። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2021 እንደገና ይታይ ተባለ። በ2022 ጥፋተኛ ተባለ፣ በ2023 ስምንት ዓመት ተፈረደበት። ቁም ነገሩ ያቺ «ድርሻህ ምን ነበር» የምትለዋ ናት። ከቤት ታጥቆ ወደ ሌባው የሄደው እሱ ነው። እኔ በዚያች ሌሊት መቆለፊያውን ብከፍተው ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም። ለመኪና ብዬ እወጣ ነበር ብዬ እፈራለሁ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ብዙ ብር የሚፈጅ አይደለም። የበሩን አጫጭር ብሎኖች አውጥቼ ግድግዳው እንጨት ውስጥ ጠልቀው በሚገቡ ረጃጅም ቀየርኩ። መስታወቱ ላይ እንዳይረግፍ የሚይዝ ፕላስቲክ አስለጠፍኩ። የመኪናውን መሪ የሚቆልፈውን ቢጫ ብረት ገዛሁ። በ2024 ቶሮንቶ፣ ኢቶቢኮ ላይ አንድ ፖሊስ «ቁልፋችሁን በር አጠገብ ተዉላቸው» ማለቱን ሰምተህ ይሆናል። ሕዝቡ ተናዶበት ነበር። እኔ በር ላይ አልተውም፣ ግን መኪናው ኢንሹራንስ አለው ማለቱ ከሆነ አልተሳሳተም። ልጆቹም ጩኸት ሲሰሙ ወደየትኛው ክፍል እንደሚሮጡ ያውቃሉ። ሦስት ጊዜ አለማምደናቸዋል፣ ትንሹ ጨዋታ መስሎት አሁንም «እንድገመው» ይላል።

ሽጉጤ ቤዝመንት ናት። ሬንጅ (የዒላማ መተኮሻ ቦታ) እወስዳታለሁ፣ ዒላማ ላይ ተኩሼ እመለሳለሁ፣ ደስ ይለኛል።

ለነገሩ፣ ቤት ቀይረናል ብለሃል። አድራሻ በተቀየረ በ30 ቀን ውስጥ ለመሣሪያ ፈቃድ ክፍሉ ማሳወቅ ግዴታ ነው፣ መሣሪያ ባይኖርህም። ወሩ ሳያልፍብህ ዛሬውኑ ደውል።